«0-3» ማለት ስንት ነው? የአራስ ልጅ ልብስ ቁጥር ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የልጆች ልብስ ቤት ገባሁ። የወንድሜ ሚስት ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ሻጯን «የአራስ ቱታ አሳዪኝ» አልኳት። ሦስት አወጣችልኝ። ሦስቱም ላይ «0-3» የሚል ተጽፏል። አንዱን በሌላው ላይ ደርቤ ባንኮኒው ላይ ዘረጋኋቸው። ትከሻቸውን አስተካክዬ ወደ እግራቸው ሳይ፣ ትልቁ ትንሹን በአራት ጣት ይበልጠዋል። «ትክክለኛው የቱ ነው?» ስላት ሳቀች። «እህቴ፣ ሁሉም ዜሮ ሦስት ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ችግሩም ይኸው ነው።

እኔ ራሴ በዚህ ነገር ሁለቴ ተሸውጃለሁ። የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ ስምንት ቱታ ገዛሁ። ሁሉም ትንሿ ቁጥር። ምን ላድርግ፣ ሲያዩዋቸው ያሳሳሉ! ልጁ 3 ኪሎ ከ900 ሆኖ መጣ። በአሥራ አምስት ቀኑ የእግሩ ጣቶች ቱታው ጫፍ ላይ ተጣጥፈው አገኘኋቸው። ሦስቱ ቱታ ከነላስቲካቸው ለጎረቤት ሄዱ። ለሁለተኛዋ ደግሞ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ሁሉንም ሰፋ ሰፋ አድርጌ ገዛሁ። እሷ 2 ኪሎ ከ700 ሆና ተወለደች። የልብሱ አንገት ወደ ላይ እየተሰበሰበ አፏን ይሸፍን ነበር። ሌሊት እየተነሳሁ አገጯ ሥር ስጠቀጥቅ ከረምኩ።

በሁለቱም ጊዜ የገዛሁት በወር ቆጥሬ ነው።

እስቲ የልጅ እድገት ምን ያህል እንደሚሮጥ እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የሕፃናት እድገት መለኪያ አለ። በእሱ መሠረት አንድ ወንድ ልጅ ሲወለድ መካከለኛ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሴቷ 49 ነው። ክብደቱ 3.3፣ ክብደቷ 3.2 ኪሎ። ሦስት ወር ቆይተን እንደገና እንለካቸው። ወንዱ 61 ሴንቲ ሜትር አልፏል፣ 6.4 ኪሎ ይመዝናል። ሴቷ 60 ልትሞላ ትንሽ ቀርቷታል፣ ክብደቷም 5.8 ሆኗል። ቁመታቸው በ11 ሴንቲ ሜትር ገደማ አደገ። ክብደታቸው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከዚህ በኋላ በሕይወታቸው ሙሉ እንዲህ በፍጥነት የሚያድጉበት ዘመን አይመጣም።

እንግዲህ «ከ0 እስከ 3 ወር» የሚል ቱታ ምን እያለን ነው? የ50 ሴንቲ ሜትሩንም የ61ኛውንም ልጅ እኩል አለብሳለሁ እያለን ነው። እንዴት ተደርጎ! የሚሰፋው ፋብሪካ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት። ወይ ለሦስት ወሩ ልጅ ይሰፋና አራሱ ይዋኝበታል። ወይ ለመሀለኛው ይሰፋና በሁለት ወር ይጠበዋል። አንዱ ፋብሪካ ይህን ይመርጣል፣ ሌላው ያንን። ባንኮኒው ላይ ያየሁት የአራት ጣት ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ ሻጭ «ስንት ወሩ ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ በሴንቲ ሜትርና በኪሎ መልሱለት። መጀመሪያ ግራ ይጋባል። ይልመድ።

የአንገቱ ጨርቅ ላይ የተጻፈው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ያለው የአራስ ልብስ ከየአገሩ የመጣ ነው። ሁሉም በየአገሩ ቋንቋና ልክ ነው የሚናገረው።

ለእኔ ከሁሉም ቀጥተኛው የአውሮፓው ነው። 50፣ 56፣ 62፣ 68፣ 74 እያለ በስድስት በስድስት ይዘላል። ቁጥሩ የልጁ ቁመት ነው፣ ከራስ ቅሉ እስከ ተረከዙ። የልብሱ ርዝመት እንዳይመስላችሁ። 56 የሚለውን ቱታ በሜትር ብትለኩት 56 አይመጣም። ቁመቱ 56 እስኪደርስ ድረስ የሚለብሰው ማለት ነው። ስለዚህ 51 ላይ ያለ ልጅ የሚለብሰው 56ን ነው። 50 የሚለው ለትንንሾቹ ነው፣ በጊዜው ተወልዶ ደህና ክብደት ያለው ልጅ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይበትም።

የቻይናው ይመሳሰላል፣ ግን አንድ አይደለም። እሱ 52፣ 59፣ 66፣ 73፣ 80 እያለ በሰባት ይዘላል። አንዳንዱ ላይ 59/44 የሚል ታያላችሁ። የፊተኛው ቁመት፣ የኋለኛው የደረት ዙሪያ ነው። 66ን «ያው 62 ማለት ነው» እያለ የሚሸጥ ነጋዴ አጋጥሞኛል። ለትልቅ ሰው አራት ሴንቲ ሜትር ምንም አይደለም። ለአራስ ግን የአንድ ወር እድገት ነው።

የቱርክ ልብስ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤ» እና «ዋይ» የሚሉት የላቲን ፊደላት አሉ። «አይ» ተብሎ ይነበባል፣ በቱርክኛ ወር ማለት ነው። «0-3 አይ»፣ «3-6 አይ» እያለ ይሄዳል። ብዙዎቹ ላይ በጎን በኩል ሴንቲ ሜትሩም ተጽፎ ይገኛል። ካለ ወሩን ተዉትና እሱን አንብቡ።

የአሜሪካው ብዙ ሰው የሚያሳስት ነው። «3» ብሎ አጠገቡ «ኤም» ይጽፋል። አንዲት ጎረቤቴ «ኤም እኮ ሚዲየም ነው» ብላ ለአዲስ አራስ የስድስት ወር ልብስ ወስዳለች። ኤሟ ወር ማለት ናት። ሌላም ነገር አለ። ብዙ ጊዜ የአሜሪካ «3» እስከ ሦስት ወር ያለው ነው። ሦስት ወር የሞላው ልጅ የሚቀጥለውን፣ «6»ን ይለብሳል። ከዚህ በታች ያለው «ኒው ቦርን» አብዛኛውን ጊዜ እስከ 8 ፓውንድ ድረስ ነው። ፓውንድን ወደ ኪሎ ለመቀየር ግማሽ አድርጉና ከግማሹ አንድ አሥረኛውን ቀንሱ። የ8 ግማሽ 4፣ ከ4 ላይ 0.4 ሲቀነስ 3.6 ኪሎ። በቃ። ማሽን አያስፈልግም።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ሌላ ምንጭ አለ፣ የአረብ አገር ሻንጣ። ሪያድ ወይም ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች እህት ወይም አክስት የሌለው ቤት ስንት ነው? ልጅ ሊወለድ ነው ሲባል ሻንጣው ይሞላል። እዚያ ያሉ መደብሮች የእንግሊዙንም የአውሮፓውንም የአሜሪካውንም ጎን ለጎን ነው የሚሸጡት። «ለአራስ የሚሆን ላኪልኝ» ብላችሁ ከተዋችሁት የመጣው ሁሉ አንድ ልክ ይሆናል፣ እሱም በአንድ ወር ያልቃል። «56 ትንሽ፣ 62 በዛ ያለ፣ 68 ጥቂት» በሏት። ሳትከፍል በፊትም የአንገቱን ጨርቅ ፎቶ አንስታ ትላክላችሁ።

በነገራችን ላይ ከልብስ ይልቅ ሐቀኛው ዳይፐር ነው። በወር አያታልልም፣ በኪሎ ነው የሚጻፈው። የመጀመሪያው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ፣ ሁለተኛው ከ3 እስከ 6 ኪሎ ነው። የልብስ ፋብሪካዎች ከዚህ ቢማሩ ደስ ይለኝ ነበር።

ያልተወለደ ልጅ እንዴት ይለካል?

«ሆድ ውስጥ ያለውን ምኑን ልለካ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። አልትራሳውንድ የሚሰጠው ክብደት ግምት ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሊስት ይችላል። 3 ኪሎ ተኩል የተባለ ልጅ 3 ኪሎ ከ100 ሆኖ ቢመጣ ማንም አልዋሸም። ላይ ታች የሚለውን ግምት ይዛችሁ ግን የልብሱን ቁጥር መከፋፈል ትችላላችሁ።

እኔ ለወንድሜ ሚስት ያደረግሁት እንዲህ ነው። ትንሿን፣ 50ን፣ ሁለት ብቻ። 56ን ስድስት። 62ን አራት። ከሻጯ ጋርም «ካልሆነ እቀይራለሁ» ብዬ ተስማማሁ። ሁለቱን 50ዎችና ሦስት 56ዎችን ብቻ አጠብን። የሌሎቹን መለያ ጨርቅ አልቆረጥንም፣ ከላስቲካቸውም አላወጣናቸውም። አዲስ ልብስ ሳይታጠብ ለአራስ አይደረግም፣ ከታጠበ ደግሞ አይቀየርም። እሱን ማመዛዘን ነው።

የወንድሜ አማት ግን አልተስማሙም። «ልጅ ሳይወለድ ልብስ አይደረደርም» ይላሉ። እንዲህ የሚሉ ብዙ እናቶች አሉ፣ ያዩት ነገር አለ፣ አልከራከራቸውም። ልብሱ እኔ ቤት ተቀመጠ፣ እሳቸውም አላዩም፣ እኛም አልጠፋብንም።

ገበያ ስትሄዱ ሜትር ያዙ፣ ያ ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን። ቱታውን ዘርጉና ከትከሻው ጫፍ እስከ እግሩ ጫፍ ለኩ። እዚህ ላይ አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የአራስ ልጅ ራስ ከቁመቱ ሩቡን ይወስዳል። 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ ከትከሻው እስከ ተረከዙ 38 ቢሆን ነው። ራስ ቱታ ውስጥ አይገባም። በዚህ ላይ እግሩን የሚዘረጋበትና የሚያድግበት አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። 43 ወይም 44 ይመጣል። ሜትር ካልያዛችሁ ከክርናችሁ እስከ መሀል ጣታችሁ ጫፍ ድረስ ለኩበት። የብዙ ሴት ክንድ እዚያው አካባቢ ነው። አያቶቻችን ጨርቅ በክንድ ሲለኩ የኖሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ልጁ ከተወለደ በኋላማ ሥራው ቀላል ነው። ጤና ተቋሙ ሲመዝነው ኪሎውን ጠይቁ፣ ካርዱ ላይም ይጻፍ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ለክትባት ስትሄዱም እንዲሁ። ያን ቀን ታፋው ላይ ስለሚወጋ ከእግር በኩል በቁልፍ የሚከፈት ልብስ አድርጉለት። ሙሉ ልብሱን በሰው ፊት አውልቃችሁ ብርድ ላይ እንዳታቆዩት።

አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ደግሞ አለ። ልጅ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳል። ከተወለደበት ክብደት እስከ 7 በመቶ፣ አንዳንዴም እስከ 10 በመቶ ሊወርድ ይችላል፣ ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሳል። በሦስተኛው ቀን ልብሱ ሰፍቶት ካያችሁ ወዲያው ሱቅ አትሩጡ። ሁለት ሳምንት አልፎ ክብደቱ ካልተመለሰ ግን ነገሩ የልብስ አይደለም፣ ሐኪም ይየው።

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ወይም ከ2 ኪሎ ተኩል በታች የሆነ ልጅ ካለ ይህ ሁሉ ስሌት ይቀየራል። 50 እንኳን ይሰፋዋል። 44 የሚል ቁጥር አለ፣ እንደ ልብ ግን አይገኝም። ለእንዲህ ያለው ልጅ ዋናው ልብስ የእናቱ ደረት ነው። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ ገላውን ከገላዋ ጋር አጣብቆ ላዩ ላይ መሸፈን። ከቱታ ሁሉ ያሞቀዋል። መንታ ከሆኑም ትንሿን ቁጥር ጨመር አድርጉ፣ ብዙ ጊዜ ቀለል ብለውና ቀድመው ይመጣሉ።

ሐረጎን ስትወርዱ

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ። የወንድሜ ሚስት ኑሮዋ ኮምቦልቻ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ ግን ልትታረስ የመጣችው እናቷ ቤት፣ ደሴ ነው። የምትወልደውም በታህሳስ። እንግዲህ አስቡት። ልጁ የሚወለደው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ በብርድ ወር። ክርስትና ከተነሳ በኋላ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርዶ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ይገባል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ አየሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል። በዚህ ሒሳብ ሁለቱ ከተሞች መካከል የአራት ዲግሪ ልዩነት አለ። በጥርና በየካቲት ቀን ኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ ሹራቡን ያላወለቀ ሰው ያውቀዋል።

ይህ ከልብስ ቁጥር ጋር ምን አገናኘው? በጣም ነው እንጂ። ልጁ ትንሽ በሚሆንበት ጊዜ የሚኖረው ብርድ አገር ነው። ትልቅ ሲሆን ሙቀት አገር። ስለዚህ ወፍራሙ፣ ረጅም እጅጌው፣ እግሩ የተሸፈነው ልብስ በትንሹ ቁጥር ይገዛ፣ በ50 እና በ56። ስስ ጥጡ፣ አጭር እጅጌ ቦዲው (ከእግር መሀል የሚቆለፈው የውስጥ ልብስ) በ62። ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። «ከርሞም ይለብሰዋል» ብሎ ወፍራሙን ሰፊ ይገዛል። ሲገጥመው ኮምቦልቻ ነው ያለው፣ አንድ ቀን ሳይለብሰው ሌላ ልጅ ጋ ይሄዳል። ኮምቦልቻ ተወልዶ በክረምት ደሴ ለሚወጣ ልጅ ደግሞ ገልብጡት።

ደሴ ላይ አራስ አንድ ልብስ ብቻ አይለብስም። ይደረባል። ሲደረብ ደግሞ ቁጥሩ ይቀየራል። ከውስጥ ገላው ላይ የሚያርፈው ቦዲ ልክክ ያለ ይሁን፣ 56 ከሆነ 56። ላዩ ላይ የሚመጣው ሹራብ ወይም ወፍራም ቱታ በአንድ ቁጥር ይብለጥ፣ 62። ሁለቱም 56 ከሆኑ ላይኛው ታችኛውን እየጨመቀ ልጁ እጁን እንኳን ማጠፍ ያቅተዋል። ጨርቅ ሲጨመቅ ደግሞ መሀሉ ያለው አየር ይወጣል። ሙቀት የሚይዘው ያ አየር ነው። ጠባብ ደርቦ ይበርደዋል ማለት ነው።

ስንት ይደረብ? እኛ ከምንለብሰው አንድ ጨምሩ፣ ይበቃል። የወንድሜ ልጅ ከተወለደች በኋላ አማቱ አራት ደርበው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ ሊጨምሩ ሲሉ ነው የደረስኩባቸው። ልጅቷ ቀልታለች። «እማማ፣ እስቲ ማጅራቷን ይንኩት» አልኳቸው። በላብ ርሷል። «እጇ እኮ በረዶ ነው» አሉኝ። የአራስ እጅና እግር ሁልጊዜም ቀዝቀዝ ይላል፣ በእሱ አይፈረድም። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ነው መንካት። እዚያ ሞቅ ብሎ ደረቅ ከሆነ ደህና ነው። ሌላም የለመድነው ነገር አለ፣ እግር እንዲቃና ብሎ ሁለቱን እግር አስተካክሎ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል። የአራስ ዳሌ ገና አልጠነከረም። እግሩ በግድ ቀጥ ብሎ ሲታሰር መገጣጠሚያው ሊወጣ ይችላል። መጠቅለሉ ይሁን፣ ከወገብ በታች ግን ይላላ። እግሩን እንደ እንቁራሪት ቢያጥፍ ተዉት።

በሐምሌና በነሐሴ ለምትወልዱ የደሴ ሰዎች ሌላ ሒሳብ አለ። ዝናቡና ጉሙ ሲደራረብ የታጠበ ቱታ ሁለት ቀን ገመድ ላይ ይውላል። ኮምቦልቻ ጠዋት የታጠበ በአብዛኛው ከሰዓት ይነሳል። ስለዚህ ደሴ በክረምት ስድስት የሚበቃው ቤት ዘጠኝ አሥር ያስፈልገዋል። የሽንት ጨርቅ የምትጠቀሙ ደግሞ ልብሱን በአንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ። የታጠፈ ጨርቅ ከዳይፐር ይወፍራል፣ ቦዲው ከእግር መሀል ይያዛል፣ ቁልፉ እየተፈናጠረ ይከፈታል።

ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ

ድግስ ያለበትን ቀን ቀድማችሁ ቁጠሩት።

ዓቂቃ፣ ሙስሊሞች ለተወለደ ልጅ የሚያርዱበት ድግስ፣ የሚወጣው በሰባተኛው ቀን ነው። በሰባት ቀን ልጁ ከተወለደበት ቁመት ብዙም አልራቀም፣ ክብደቱንም ገና ላይመልስ ይችላል። ለዚያ ቀን የተገዛ ልብስ ትንሿ ቁጥር ብትሆን አያስቆጭም። ፀጉሩ ከተላጨ ኮፍያ አትርሱ። በስምንተኛው ቀን የሚገረዝ ወንድ ልጅ ካለም ከወገብ በታች የሚያጣብቅ ነገር አይደረግለት። ለጥቂት ቀን ሰፊ ዳይፐርና ከታች ክፍት የሆነ ረጅም ልብስ ይሻለዋል።

የክርስትናው ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። ነጩ ልብስ ግን ብዙ ጊዜ የሚገዛው እንደተወለዱ ነው፣ ለሁለቱም አንድ ልክ። በ40 ቀን ወንዱ 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ80 ቀን ሴቷ ወደ 59 ትጠጋለች፣ ክብደቷም 5 ኪሎ ተኩል ገደማ። ስለዚህ ለወንዱ 56 ወይም 62፣ ለሴቷ ግን ያለ ጥርጥር 62። አንዲት ዘመዴ የሴት ልጇን የክርስትና ቀሚስ በአሥረኛው ቀን ገዝታ በሰማንያኛው ከኋላ ሳይቆለፍ በነጠላ ሸፍና ታቅፋታለች። ፎቶው ላይ አይታይም። እሷ ግን ባየችው ቁጥር ትስቃለች። የክርስትና ልብስ ከውሃ ወጥቶ በጠዋት ብርድ ቶሎ የሚለበስ ስለሆነ ከፊት ወይም ከኋላ እስከ ታች የሚከፈተውን ምረጡ። በጠባብ አንገት እርጥብ ራስ ማስገባት ለማንም አይመከርም።

ወሎ ነውና በአንድ ወር ውስጥ የአንዱን ጎረቤት ዓቂቃ በልቶ የሌላውን ክርስትና መብላት ያለ ነው። ስጦታ ስትገዙ ሁሉም ሰው ትንሿን እንደሚገዛ አትርሱ። ለአራስ ጥየቃ የምትሄዱ ከሆነ 68 ይዛችሁ ሂዱ። ያን ቀን ማንም አያደንቃችሁም፣ በአምስተኛው ወር ግን ትመሰገናላችሁ።

ስለ ዓይነቱም በአጭሩ። እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ቀን፣ ከፊት የሚከፈት ወይም በጎን የሚታሰር ልብስ ይሻላል። ወገቡ ላይ ላስቲክ አይኑረው፣ ዳይፐሩም ከእትብቱ በታች ይታጠፍ። ቦዲ ስትገዙ ትከሻው ላይ እንደ ፖስታ የተደራረበውን ፈልጉ። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ዳይፐሩ አፍስሶ ጀርባው ሁሉ ሲበላሽ፣ በራሱ ላይ ሳይሆን በትከሻው በኩል ወደ እግሩ ተስቦ እንዲወልቅ ነው የተሠራው። እኔ ይህን ያወቅሁት በሁለተኛ ልጄ ነው፣ የመጀመሪያው ስንቴ ፀጉሩ ታጥቧል መሰላችሁ።

ኮፍያ የሚለካው በራስ ዙሪያ ነው፣ ሲወለድ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሰፍቶ ዓይንና አፍንጫ ላይ የሚወርድ ከሆነ ተዉት። ጓንትና ካልሲ ከማድረጋችሁ በፊት ወደ ውጭ ገልብጣችሁ እዩ። የተፈታ ክር ጣት ላይ ከተጠመጠመ ደም ይዘጋል። ያለ ምክንያት የሚያለቅስ ልጅ ካለ መጀመሪያ የእግሩን ጣቶች ተመልከቱ።

የታላቅ ልጅ ልብስና ሳልቫጅ ላይ የአንገቱን ቁጥር አትመኑ። ጥጥ ብዙ ሲታጠብ ያጥራል፣ ላስቲኩ ይላላል። 62 የሚል ታጥቦ ታጥቦ 56 የሆነ አለኝ። ሜትሩን አውጡ። ቁልፎቹንም አንድ በአንድ ሳቡ፣ የላላ ካለ ንቀሉት ወይም በክር አጥብቁት። ሳጥን ውስጥ ናፍታሊን ተጨምሮበት የቆየ ልብስ ደግሞ ለአራስ አይሁን። በተፈጥሮ በደማቸው ውስጥ አንድ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች አሉ። የናፍታሊን ሽታ ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ያፈርሳል፣ ልጁም ክፉኛ ቢጫ ይሆናል። የትኛው ልጅ እንደሆነ አስቀድሞ በዓይን አይለይም። የአራስ ልብስ ስታስቀምጡ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራችሁ ብቻ አስቀምጡ።

እንዳነሰው እንዴት ታውቃላችሁ? እግሩ ተዘርግቶ ጣቶቹ የቱታውን ጫፍ ከገፉ አንሷል። ሲወልቅ ታፋው ወይም አንጓው ላይ ቀይ መስመር ከቀረ አንሷል። ከእግር መሀል ያለው ቁልፍ ሲዘጋ ትከሻው ወደ ታች ከተሳበ አንሷል። አንገቱና ደረቱ መሀል ሁለት ጣት ከገባ ልክ ነው። ሙሉ እጅ ከገባ ሰፍቶታል። ቱታው በወርዱ ልክ ሆኖ በቁመቱ ብቻ ካጠረ አትጣሉት። የእግሩን ጫፍ በመቀስ ቁረጡና ጠርዙን አጥፋችሁ ስፉት፣ ካልሲ ይደረጋል። ሌላ ሦስት ሳምንት ይሰጣችኋል። የእኛ ቤት መቀስ ብዙ ቱታ በልቷል።

የወንድሜ ልጅ በታህሳስ መግቢያ ተወለደች። 3 ኪሎ ከ50 ግራም። ያን ቀን ከሱቁ ከወሰድኳቸው ሦስት «0-3» ቱታዎች መሀለኛው ልክ ሆናት፣ ትልቁ ሳጥን ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ትንሹን ሻጯ ሳታጉረመርም በ62 ቀየረችልኝ። ሰማንያዋ የሚሞላው በየካቲት መጨረሻ ነው። የክርስትና ቀሚሷን ገና አልገዛንም። የወንድሜ አማት በየቀኑ ይጠይቁኛል። ሜትሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።